የዳቦ ጋጋሪው እጅ

ዳቦ ጋጋሪው የመጨረሻዎቹን ዳቦዎች ከምድጃው አውጥቶ፣ መጋረጃውን ገልጦ ወደ ጓዳ ገባ። ጠዋት የተከተበችው ልጁ እናቷ ጭን ላይ ተኝታ ነበር። ነርሷ፣ «ትንሽ ያተኩሳት ይሆናል፤ እንዳትደነግጡ» ብላቸዋለች። እሱም ለትኩሳቱ ልቡን አዘጋጅቶ መዳፉን የሕፃኗ ግንባር ላይ አሳረፈ። ክው ብሎ ቀረ። ልጅቷ ቀዝቅዛለች።

አንገቷን ዳሰሰ፤ እግሯን ዳሰሰ። ያው ነው።

«አንቺ፣ ልጄ በረዶ ሆነችብኝ እኮ! ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ!»

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው፤ ፊቱን ሳይሆን እጁን። ከዚያ እጁን ያዘችና አጠገቧ ካለው ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ውስጥ ነከረችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዝም በል አንተ ሰውዬ! ከእሳት ለመጣ እጅ ምን ይሞቀዋል?»

ውሃው እስኪያበርደው ጠበቀች። በነጠላዋ ጫፍ አደራረቀችለትና መልሳ የልጅቷ ግንባር ላይ አኖረችው።

ሞቀው። ለስለስ ያለ ሙቀት ነበር፤ ልክ ነርሷ እንዳለችው። ሕፃኗ አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችው፤ አውራ ጣቱን ጨበጠችና ተመልሳ ተኛች።

«እሰይ!» አለ ጋጋሪው፣ እንባው ዱቄት የነካውን ጉንጩን እያራሰው። «ተመስገን፣ ትኩሳት አላት!»