የጎባው ቀጠሮ

ጁሀራ የገብሱን አጥሚት በወንፊት እያጠለለች ነበር። አባቷ አቶ ዲማ ከካንሰሩ የጨረር ሕክምና በኋላ ጉሮሯቸው ጠቦ ከቀጭን ነገር በቀር አይወርድላቸውም። ሐኪሙ በየጊዜው በመሣሪያ እንዲሰፋላቸው አዝዞ ነበር። ከሚኖሩበት ሮቤ፣ ሆስፒታሉ ያለበት ጎባ ቅርብ ነው። ግን ኮምባይነሩ ማሳቸው የሚደርሰው በቀጠሮው ቀን ሆነባትና፣ "ስንዴው ይግባና እንሄዳለን አባ" አለቻቸው። እሳቸውም ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፤ ቀጠሮውም አለፈ። ከዚያ ወዲህ ውሃም ያንቃቸው ጀመር፤ ድምፃቸውም ከጠፋ ሰነበተ። አጥሚት ባጠለለች ቁጥር ያ ንግግሯ ይመለስባታል።

ስልኳ ጮኸ። የጎባው ሆስፒታል ነርስ ሳምራዊት ነበረች።

"ጁሀራ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ጉሮሯቸው ሰፋ። ገንፎ እየበሉ ነው፤ ቀስ ይበሉ ብላቸውም የሚሰሙኝ አልሆኑም።"

"የማን ጉሮሮ?"

"የአባትሽ ነዋ! ጠዋት ብቻቸውን መጡ። 'ልጄ አዝመራ ላይ ናት፣ አትቆጧት' አሉን። ቆይ ላገናኝሽ።"

ጁሀራ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየች። አባቷ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እሷን እሷን ያያሉ።

"ጁሀራ ኮ፣ ጁሀራዬ፣" አለ በስልኩ ውስጥ የአባቷ ድምፅ፣ እንደ ድሮው ወፍሮና ጠርቶ። "ስንዴው ገባ ወይ?"

ስልኩን እንደያዘች ወደ አልጋው ዞረች።

"ገብቷል በይው፣" አሉ አባቷ ከአልጋው ላይ፣ ድምፅ በሌለው ሹክሹክታ።

"ገብቷል፣ አባ" አለች። ስልኩን ዘጋች። የቀረውን አጥሚት አጥልላ ጨረሰች፤ ወንፊቱንም አጥባ መደርደሪያው ላይ ደፋችው።