በጫማ የማይረገጥ

የብረቱ ጉልበት አሁንም አልታጠፈም። ትንሿ ፈህሚያ ማራኪ በተባለው ግቢ ባለ የዩኒቨርሲቲ ክፍል መሀል፣ ብትወድቅ እንዳይጎዳት ሄለን ባነጠፈችላት ወፍራም ምንጣፍ ላይ፣ በአዲሱ ጫማዋ ጫፍ ብቻ ቆማለች። የልጅቷን የብረት እግር ድጋፍ የሠራችው ሄለን ኮምፒውተሩ ላይ አፈጠጠች። ተረከዙ ውስጥ ያለው ሴንሰር መሬት መንካቱን ካልተናገረ፣ የእግር ድጋፉ የእርምጃውን ጊዜ አያውቅም፤ ጉልበቱንም አይለቀውም። ሴንሰሩ ደግሞ ዝም ብሏል። ያን ሁሉ የለፋችበት ሥራ በዚች ልጅ ፊት ሊያሳፍራት ነው።

"ምነው ልጄ፣ ተረከዝሽን አታሳርፊም?" አሉ ጨርቅ ነጋዴው አባቷ ጃቢር።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። "በጫማ ምንጣፍ ይረገጣል እንዴ፣ አባዬ? የሚሰገድበት አይደል?"

ሄለን ክው አለች። ጃቢር ልጃቸውን ብድግ ሲያደርጓት፣ ሄለን ምንጣፉን ጠቅልላ ወደ በሩ ገፋችው።

"በይ ሸጋዬ" አሉ፣ ባዶው ሲሚንቶ ላይ እያቆሟት።

ፈህሚያ ሲሚንቶውን በተረከዟ ቋ አደረገችው። የብረቱ ጉልበት ተለቀቀ፣ ታጠፈ፣ እግሯ ወደ ፊት ሄደና ጸና። ደግማ ረገጠች። ሄለን ኮምፒውተሩን ረሳችው። ልጅቷ እየፈጠነች በሩ ዘንድ ስትደርስ የተጠቀለለው ምንጣፍ መንገዷን ዘግቶ ተጋድሟል። አባቷ ሊያነሱላት ሲጣደፉ በእጇ ከለከለቻቸው። ከዚያ ብረት የታሰረበትን እግሯን ከጉልበቷ አጥፋ ከፍ አደረገችና፣ ምንጣፉን ጫፉን እንኳ ሳትነካው ተሻገረችው።