ዝም የማይለው መኪና

ሆሊስ ባርነት መኪና ይፈትናል። ሌላ ሥራ አያውቅም። እሱ በሚጽፍበት የመኪና መጽሔት ላይ "ግዙ" ያለውን የቴክሳስ ሰው ይገዛል፤ "ተዉት" ያለው ሻጩ ግቢ ቆሞ አቧራ ይጠጣል።

በዚያ ማክሰኞ ተራው የትልቁ የቤተሰብ መኪና ነበር። ፋብሪካው ከጎማ እስከ ጣሪያ እንደ አዲስ ሠራሁት ብሏል። ሆሊስ መሪውን ያዘ። ከጎኑ ማሪቤል ኦርቲዝ ተቀመጠች። መጽሔቱ ነው የላካት። ሁለቱም ይፈርዳሉ፤ ፍርዱ ልክ ያልሆነው ሥራውን ይለቃል። ሆሊስ ይህን ስለሚያውቅ ሰላምታዋን በግማሽ አፍ መለሰ።

ከላኖ ከተማ ወደ ሜሰን ከተማ ወጡ። ሆሊስ መኪና ሁሉ የሚፈትነው እዚያ መንገድ ላይ ነው።

ገና ሳይርቁ ማማረር ጀመረ።

"ማቀዝቀዣ ለመቀነስ ድሮ አንድ ማዞሪያ ነበር። አሁን ቴሌቪዥን ለጥፈው ፈልግ ይሉኛል! ፊደሉንስ አየሽው? ጉንዳን ነው የለቀቁበት።"

"ልቀንስልዎት ሚስተር ሆሊስ?" ማሪቤል በአንድ ጣት ነካችው። ብርዱ ረገበ።

"ገዢው አንቺንም አብሮ ይገዛል?"

መኪናው ጮኸ። መሪው እጁ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

"ምን አረግኩት?"

"ከመስመሩ ወጥተዋል ነው የሚለው።"

"መስመሩ የት ሄደ? እኔ ይሄን መንገድ አስፋልት ሳይነጠፍበት ነው የማውቀው!"

ከፊት የመጣ ፒካፕ ወደ ዳር ወርዶ በጠጠሩ ላይ አለፈ። በዚያ አገር ለሌላው መንገድ መልቀቅ የጨዋ ደንብ ነው። ሆሊስም እንደ ደንቡ አንድ ጣቱን ከመሪው ላይ አንስቶ አመሰገነ።

"ሰዉ እንኳ ገና ጨዋ ነው" አለ። "የባለገው መኪና ሠሪው ነው።"

ማሪቤል ከበሩ በላይ ያለውን እጀታ ጨብጣለች።

"ያንገላታል አይደል? ጻፊው።"

"ኧረ ምቹ ነው።"

ሆሊስ ከንፈሩን ነከሰ። መኪናው እንደገና ጮኸ። ትንሽ ቆይቶ ቴሌቪዥኑ ላይ የሲኒ ሥዕል በራ።

"ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?"

"ደክሞዎታል፣ ይረፉ ነው የሚለው።"

"እናቴ ናት እንዴ ፋብሪካ የከፈተችው?"

ማሪቤል ሳቀች። ሳቋ ግን ወዲያው ተቆረጠ። መንገድ ዳር ያለች ትንሽ መንደር መሃል መኪናው በራሱ ፍሬን ያዘ። ቀበቶው የሁለቱንም ደረት ጨመቀ።

"ይሄው! በባዶ መንገድ! ጥላ አይቶ የሚደነብር በቅሎ ነው የሸጡልን!"

አንዲት ሴት ወደ ዳር ሸሽታ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ የሆነ ነገር ትላለች። መስታወቱ ዝግ ስለሆነ አልተሰማም። ሆሊስ ጣቱን አነሳላት።

"አዲስ መኪና ሲያዩ እንዲህ ናቸው" አለና ነዳ።

ሜሰን ደርሰው ምሳ ተቀመጡ። በጭስ የበሰለ የበሬ ደረት ከባቄላ ጋር ቀረበ። ሆሊስ ሹካውን ሳያነሳ ፍርዱን ተናገረ።

"አትግዙ። አለቀ። ይሄ መኪና ይዋሻል። ልጆቿን የጫነች እናት አውራ ጎዳና ላይ ያለ ምክንያት ቢቆምባትስ? ከኋላ የጭነት መኪና ቢመጣስ? እኔ ለዚህች እናት ነው የምጽፈው።"

ማሪቤል ዳቦዋን ቆረሰች፤ አልበላችውም።

"ሚስተር ሆሊስ፣ አንድ ነገር ልናገር?"

"መኪናው ጥሩ ነው ልትዪኝ?"

የቆረሰችውን ዳቦ ሳህኑ ላይ አኖረች።

"አዎ" አለች ቀስ ብላ። "መኪናው ጥሩ ነው።"

"አውቄዋለሁ! የፋብሪካው ሰዎች የባሕር ዳርቻ ሆቴል ጋበዙሽ፣ ዓሣ አበሉሽ፣ አፍሽን ዘጉት።"

"አልሄድኩም። ጠርተውኝ ነበር፤ አልሄድኩም።"

"እንግዲያው ጆሮ የለሽም! ሲጮህ አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ።"

"ያለ ምክንያት ሲቆም አላየሽም?"

ማሪቤል ወደ ሳህኑ አቀረቀረች። የእሱን ጽሑፍ እያነበበች ነው ያደገችው። አባቷ መኪና ሲገዛ ከመጽሔቱ ላይ ጮክ ብላ የምታነብለት እሷ ነበረች።

ማቀርቀሯ ሆሊስን ይበልጥ አናደደው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረላት።

"በይ ንጂ! በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት። ባንቺም ላይ ይጩህ። ያኔ እኛ ሁለታችን እንፈርዳለን።"

"ይቅርብን ሚስተር ሆሊስ።"

"ፈራሽ?"

ቁልፉን አነሳች።

ፀሐዩ ገና አናት ላይ ነበር። ሆሊስ ከጎኗ ተቀምጦ እጁን ደረቱ ላይ አጣጠፈ። ፊቱ ፈክቷል።

"ቆይ፣ ድልድዩ ጋ" አለ።

ድልድዩን አለፉ።

"ቆይ፣ መንደሯ ጋ።"

ሰዎች እስኪሻገሩ ቆመው መንደሯን አለፉ።

"ኩርባው ጋ። ኩርባው ጋ ያብዳል።"

ማሪቤል ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም። ጉንጯ ረጥቧል።

ላኖ እስኪገቡ ድረስ መኪናው አንድም ጊዜ አልጮኸም።