የውስጥ መስመር

የድርጅቱ መረጃ የሚቀመጥበትን ክላውድ የዘረጋው እሱ ነው። ሰርቨሮቹን በውስጥ መስመር ብቻ አገናኝቶ፣ ከኢንተርኔት ዝንብ እንኳ እንዳትገባ አድርጎ ዘግቶታል። የደንበኞቻቸው መረጃ ተፎካካሪ ድርጅት እጅ የገባ ዕለት ሥራ አስኪያጇ አፋጠጠችው።

«ከውጭ የሰበረው የለም፤ የከፈተው የውስጥ ሰው ነው!» አለ ደሙ ፈልቶ።

«አይዞህ ወንድሜ፣ እናገኘዋለን» አለ አብሮት የሚሠራው ሚዜው ናሁሰናይ፣ ትከሻውን ያዝ አድርጎ።

ኮምፒውተሩን ከፍተው አዩ። ከተፎካካሪው ጋር የሚያገናኘው መስመር የተከፈተው በእሱ በራሱ ስም ነው። ሥራ አስኪያጇ ዞር ብላ አየችው። እሱ ግን መስመሩ የተከፈተበት ቀን ላይ ፈዞ ቀርቷል፤ እናቱን የቀበረበት ቀን ነው። ያን ዕለት፣ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ የይለፍ ቃሉን ለአንድ ሰው ብቻ ነግሮ ነበር። ያ ሰው አቅፎት፣ «አንተ እናትህን አልቅስ፤ ሥራውን ለእኔ ተወው» ብሎታል።

የናሁሰናይ እጅ አሁንም ትከሻው ላይ ነው።