በመቶ ነው የገዛሁት

አባትየው ጣቱን ኮምፒውተሩ ላይ እንዳሳረፈ ቀረ። ከዓመታት በፊት የገዛው የኩባንያ አክሲዮን ዋጋ በጉም ውስጥ እንደሚታይ ተራራ ከፍ ዝቅ እያለ በስክሪኑ ላይ ተዘርግቷል፤ እሱ በገዛበት ዓመት ግን ዋጋው አስር ይላል። «በመቶ ነው የገዛሁት» አለ፣ ድምፁ እየሰለለ። «ጭንቅላቴ ከዳኝ ማለት ነው?» ሚስቱ መርሳት አብዝቷል ብላ የወሰደችበትን የመኪና ቁልፍ በመዳፏ ጨበጥ አደረገች። መጋረጃው በነፋስ ሲነሳ የከሰዓቱ ብርሃን ክፍሉን ሞላው፤ አባትየው ከነወንበሩ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ መሰለው።

ልጃቸው ስክሪኑ ላይ ከዋጋው መስመር ሥር ያለችውን ትንሽ ምልክት ነካች። «አባዬ፣ ልክ ነህ እኮ! አንተ ከገዛህ በኋላ ኩባንያው አንዱን አክሲዮን አስር ቦታ ከፋፍሎታል። የድሮውንም ዋጋ ለአስር አካፍለው ነው የሚያሳዩት፣ በተከፋፈለበት ቀን ዋጋው የተናደ እንዳይመስል።»

«እነሱ ያለፈውን ቀይረው ዘንጊ እኔ ልባል?» አለ፤ ልቡ ቅቤ ጠጣ።

ሚስቱ ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀምጣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት። እሱ እጁን ገልጦ ቁልፉን ትክ ብሎ አየው።

«የማን ቁልፍ ነው?»

ከንፈሩ ጥግ ላይ ሳቅ ብቅ እስኪል ድረስ እናትና ልጅ አልተነፈሱም።