የሾላ በር ሰዎች

ፕሮፌሰር ገብረየስ የተማሪያቸውን የመጀመሪያ ጥናት በራሳቸው ስም ሲያሳትሙባት ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ሁለተኛውን ረቂቅ "ላርምልሽ" ሲሏትም በሁለት እጇ አቀበለቻቸው። ዛሬ አዳራሹ በምሁራን ጢም ብሎ ሳለ፣ ያንኑ ረቂቅ የራሳቸው አድርገው አቀረቡት። ከሰው ጋር አጨበጨበችና እጇን አወጣች።

"ፕሮፌሰር፣ ጥናቱን ያካሄዱበት የሾላ በር መንደር ሰው እንዴት ተቀበለዎት?"

"እጅግ ደጎች ናቸው። አምና በየቤታቸው እየዞርኩ መረጃ ስሰበስብ ማር ሳያበላኝ የሸኘኝ ሰው የለም።"

"እኔ የተወለድኩት እዚያ ነው" አለች ረጋ ብላ። "ልጅ ሳለሁ ግድቡ ሲሞላ መንደራችን ከነቤተ ክርስቲያኑ ውሃ ውስጥ ቀረ። ስሙን ረቂቁ ላይ ያስገባሁት ለእርስዎ ብዬ ነው። ዋና እንደሚችሉ ግን አላወቅኩም ነበር።"