ከሁለቱም ጫፍ

እናት ፊደል የቆጠረችው ልጇን ካስመረቀች በኋላ ነው። ስለዚህ ቴክኒሻኗ ልጇ ግማሽ ቀን ከሚያስኬደው የቴሌኮም ጣቢያ ደውላ፣ «እማዬ፣ የምታጸጂው ክፍል ውስጥ ያለው ስዊች የሚባለው የመስመር ማገናኛ ማሽን ላይ ቁጥር አስገቢልኝ» ስትላት በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት።

«ቨርቹዋል ትራንክ ማለት በአንዱ መስመር ውስጥ የሚያልፍ ሌላ መስመር ነው» አለቻት ልጅቷ። «አንቺ እዚያ ሰባት ታስገቢያለሽ፣ እኔም እዚህ ሰባት አስገባለሁ። ከሁለቱም ጫፍ ካልገባ አይሠራም።»

እናት መነጽሯን አስተካክላ ሰባትን ተጫነች። ስክሪኑ ወዲያው አረንጓዴ ሆነ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀመቻቸው።

«‹ተገናኝቷል› ይላል።»

«ፊደል ተምታታብሽ እንዴ፣ የኔ ምሁር?» ልጅቷ ሳቀች። «እኔ እኮ ገና በሩ ላይ ነኝ። ቁልፉ አልዞር ብሎኝ እየታገልኩ ነው።»

«ታዲያ በዚያ በኩል ማን አስገባው? ውስጥ ሰው አለ?»

«ኧረ ማንም የለም! ከትናንት ጀምሮ እንደተቆለፈ ነው።»

እናት ደግማ አነበበችው፤ ያው ነው።

«ልጄ፣ በሞቴ አትግቢ! ተመለሺ!»

መልስ ከመምጣቱ በፊት በሩ ሲጥ ብሎ ሲከፈት በስልኩ ተሰማት። ቀጥሎ የልጅቷ ድምፅ፣ ከስልኩ ራቅ ብሎ፣ በደስታ ተሞልቶ መጣ።

«ውይ እማዬ! አንቺ ነሽ እንዴ ከውስጥ የከፈትሽልኝ?»